የተደፈኑት ሰባት ቀዳዳዎች

ሠላሳ አንድ ዓመት ግድግዳ ስሠራ ኖሬያለሁ። ከሐሙሲት እስከ ይፋግ ባለው አስፋልት ግራና ቀኝ የእኔ እጅ ያልነካው ቤት ጥቂት ነው ብል ዋሾ የሚለኝ የለም። ስሜ ዓለምነህ ነው፤ ወረታ ወርዳችሁ ግንበኛው ዓለምነህ ካላችሁ ባለ ባጃጁ ሁሉ ያደርሳችኋል። ሲያደርሳችሁ ግን አንድ ወሬ ሳይነግራችሁ አይቀርም። እሱ አጣሞ ከሚነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ።

ሰው ግድግዳ ሁሉ አንድ ይመስለዋል። አንድ አይደለም። ጣራ የተሸከመ ግድግዳ አለ፤ እሱን መነካካት ቤቱን መነካካት ነው። ክፍል ከክፍል የሚለይ አለ፤ ቢፈርስ እንግዳ መኝታ ቤትህን ያያል እንጂ ማንም አይሞትም። አጥር አለ፤ እሱ ለጎረቤት ዓይን ነው። አፈር የሚደግፍ ግንብ ግን ከሁሉም ይለያል። ሌላው የሚሸከመው ከላይ ነው፤ እግሩ ከጸናና ቱምቢውን ጠብቆ ከቆመ ይኖራል። ይሄኛውን ግን ቀንም ሌሊትም ከጀርባው ይገፉታል። አፈሩ ደረቅ ሲሆን ይችለዋል። አፈሩ ውሃ ጠጥቶ መውጫ ካጣ ግን የፈለገውን ያህል ሲሚንቶ ብትለጥፍበት አይቆምም። ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም፤ የፎገራ ዋልካ አፈር ነው።

ጉብታ ማርያም የተወለድሁባት ደብር ናት፤ ከወረታ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ታስኬዳለች። ስሟ እንደሚለው ጉብታ ላይ ናት። ክረምት ሲገባና ርብ ሲሞላ ዙሪያዋ ባሕር ይሆናል። የእኛ አገር ሰው ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ውስጥ ሲርመጠመጥ ኖሮ ደረቅ መሬት የሚያገኘው ሲሞት ብቻ ነው። ስለዚህ የሙታኑ ቦታ ጠባብ ነው። ማስተዋል የምትባለው ሚስቴ ቀኗ ሲደርስ በምዕራብ በኩል ከጉብታው ጫፍ በቀር ክፍት ቦታ አልነበረም። ጉበቷን ታማ በስምንት ወር አለቀች። ሣጥኗን አናጢ ሠራው፤ ክዳኑ ላይ ያለውን መስቀል ግን ከቤታችን ጣራ ከተረፈ ቆርቆሮ እኔው ቆርጬ በሚስማር መታሁት። ያን ቆርቆሮ ከግቢው ጣልልኝ እያለች ስትነዘንዘኝ ነበር የኖረችው።

በዓመቱ ክረምት የጉብታው ጫፍ ተናደ። ከእሷ መቃብር እስከ ገደሉ አራት እርምጃ ቀረ። አንድ ልጅ አለችን፣ ውባንቺ ትባላለች፣ ወረታ ላይ ልብስ ትሰፋለች። በየወሩ በማርያም ቀን እናቷን ሳታይ አትቀርም። ያን ቀን ከዚያ ተመልሳ በሩ ላይ እንደቆመች፣ አንተ ለሰው ሁሉ ግድግዳ ስትሠራ እማየ ልትንሸራተት ነው አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልነበረኝም። የደብሩ አስተዳዳሪ አለቃ ገብረ ኪዳን የነፍስ አባቴም ናቸው፤ ሄጄ ድንጋዩንና አሸዋውን ሕዝቡ ያቅርብ እንጂ የእጄን ዋጋ አልፈልግም፣ ደጋፊ ግንቡን እኔ እሠራለሁ አልኋቸው። መረቁኝ።

በጋውን ሠራን። ድንጋዩን ወንዶቹ በጋሪ አመጡት፤ አሸዋውን ሴቶቹ ከርብ ዳር በማዳበሪያ ጆንያ ተሸከሙት። ሲሚንቶውን ወረታ የሚነግዱ የደብሩ ተወላጆች ሰጡ። መሠረቱን ዋልካው አልቆ ጠንካራው አፈር እስኪገኝ ድረስ አስቆፈርሁት፤ ቆፋሪዎቹ ግንብ ነው ወይስ የውሃ ጉድጓድ የምታሠራን እያሉ ቀለዱብኝ። ርዝመቱ አርባ እርምጃ፣ ቁመቱ አንድ ሰው እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ እስከሚደርስበት ነው። እግሩን ሰፊ አድርጌ፣ ወደ ላይ እያጠበብሁ፣ ጥቂት ወደ ጉብታው እንዲያዘነብል አድርጌ አወጣሁት። ከጀርባው ጠጠር ሞላሁ። በጉልበት ቁመት ላይ ደግሞ ሰባት የፕላስቲክ ቱቦ አሳለፍሁበት፤ ከጀርባ የሚጠራቀመው ውሃ በእነሱ እንዲወጣ። ይህ ምንድን ነው ሲሉኝ ግንቡ የሚተነፍስበት ነው አልኋቸው። ሦስተኛው ቱቦ ልክ ከማስተዋል መቃብር ፊት ነበር።

በመጀመሪያው ክረምት ግንቡ ንቅንቅ አላለም። ሰባቱም ቱቦ ሲንፎለፎል ከረመ። አለቃ ከቅዳሴ በኋላ እንግዳ እያቆሙ ያሳዩት ነበር። እኔም ልዋሽ አልችልም፤ ሰው ሲያደንቀው ለመስማት ብቻ ከወረታ ድረስ በእግሬ የሄድሁበት እሑድ ነበር።

ውሃው የሚወርደው ግን ወደ አያልነህ ሩዝ ነው። አያልነህ የማስተዋል ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው ስትሞት የሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እኔን ስታገባም ይዛው መጣች። ያኔ ቤታችን አንዲት ክፍል ነበረች። ልጁ የራሱ ማደሪያ ይኑረው ብላ በጭቃና በማገር ማካፈያ ግድግዳ አሠራችኝ። እሱ ሲያገባና ሲወጣ ደግሞ አፍርሰው አለችኝ፤ ባየሁት ቁጥር ይናፍቀኛል ብላ። እንዲህ ነበር የምትወደው። አባቱ የተወለት መሬት ከግንቡ ሥር ይጀምራል።

በጥር ሩዙን ወቅቶ ወደ ወረታ ገበያ አመጣ። አንዲት ገዥ፣ የየት አገር ሴት እንደሆነች እስካሁን የሚያውቅ የለም፣ ከጆንያው ዘግና አየችና ይሄ ከመቃብሩ ሥር ያለው አይደል፣ የሙታን እጣቢ የጠጣው፣ ብላ መልሳ አፈሰሰችው። በቃ። በሳምንቱ ስሙ የመቃብር ሩዝ ሆነ። የመፈልፈያው ባለቤት ሳይቀር በእኔ መኪና አይገባም፣ ደንበኛ ይሸሸኛል ብሎ መለሰው። አያልነህ አምስት ጆንያ ሩዝ በጋሪ ጭኖ ቤቴ መጥቶ በረንዳዬ ላይ አራገፈው። «አያ ዓለምነህ፣ እንግዲህ አንተ ብላው» አለኝ። ተቀምጦ ውሃ እንኳ አልጠጣም።

ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ሩዝ ወደ አገራችን ከመግባቱ በፊት ጓያና ሽምብራ ሲዘራበትም ያው ውሃ በዚያው ጉብታ ሰርጎ ወደዚያው ማሳ ሲወርድ ኖሯል። አፈር ውስጥ ሳይታይ ሲወርድ ዝናብ ነበር፤ በቱቦ አፍ ሲታይ የሙታን እጣቢ ሆነ። ሰው ያላየውን ሲበላ ይኖራል፤ የሚጸየፈው ያየውን ነው። የእኔ ጥፋት ማሳየቴ ነው። በአያልነህ ግን ልፈርድበት አልቻልሁም። አራት ልጆች አሉት፤ ከሩዝ በቀር ምንም የለውም። አምስቱን ጆንያ ዓመቱን ሙሉ እኔና ውባንቺ በላነው፤ ምንም አልሆንንም።

በየካቲት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ተሰበሰብን። አያልነህ ቱቦው ይደፈንልኝ አለ። እኔ ሌላ መላ አመጣሁ፤ በግንቡ ሥር ሁለት ክንድ ስፋት ያለው ቦይ ይቆፈር፣ ውሃው ሩዙን ሳይነካ ዞሮ ከማሳው ጎን ወዳለው ፈፋ ይግባ አልሁ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መልካም ነው አሉ። ቦዩ የሚያልፈው ግን በአያልነህ መሬት ነው።

«ተመሬቴ አንድ ክንድ አልቆርስም» አለ ተነሥቶ። «አራት ልጆች ናቸው፤ ይቺን መሬት ለማን ቆርሼ ለማን ልተው?»

«የእህትህ መቃብር እኮ ነው» አልሁት።

«እህቴ በሕይወት ብትኖር ልጆቼን አታስርብም ነበር» አለኝ።

ሕዝቡ ወደ እሱ ሲያዘነብል በዓይኔ አየሁት። ውሸት ቢናገር ኖሮ እመልስለት ነበር። እውነቱን ነው፤ ማስተዋል ለእሱ የማትሰጠው ነገር አልነበራትም፤ ደረቅ መሬቷንም ቢሆን።

አለቃ ይደፈን ብለው ፈረዱ። እኔ ታዲያ ውሃው የት ይሂድ ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ ሽማግሌ ምድር ይጠጣዋል አለ። ምድሩ ዋልካ ነው፤ ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል እንጂ አያሳልፍም። ይህን የማያውቅ ገበሬ በፎገራ ሜዳ የለም፤ የገዛ ቤቱን ወለል በክረምት ሲያነሣው፣ በበጋ ሲሰነጥቀው እያየ ነው የሚያድገው። ያን ቀን ግን ማወቅ የፈለገ አልነበረም። አለቃ ደግሞ ጠባዬን ያውቃሉ፤ ንስሐ ስገባ ራሴ የነገርኋቸው ነው። ሰው ሲሄድ ተመልሼ እንደምከፍተው ገመቱ። መስቀላቸውን አውጥተው፣ ዓይናቸውን እኔ ላይ አድርገው፣ የተደፈነውን ቀዳዳ ያለ እኔ ፈቃድ የከፈተ የተገዘተ ይሁን አሉ። በእኛ አገር የተገዘተ ሰው ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ ቢሞት ፍትሐት የለውም፤ ጎረቤቱ እሳት አያጫጭረውም።

ማን ይድፈነው ተባለ። እኔው እደፍነዋለሁ አልሁ። ለምን እንዳልሁ ሰው እስከ ዛሬ ይጠይቀኛል። ሌላ ሰው ቢነካካው ግንቡን ያበላሸዋል፣ ይህ አንድ ነው። ዋናው ግን ንዴት ነው። ድፈን ካላችሁኝ እንዴት እንደሚደፈን እዩ ማለቴ ነበር። በእያንዳንዱ ቱቦ አፍ የተጠረበ ድንጋይ እንደ ውታፍ ወትፌ ዙሪያውን በወፍራም ሲሚንቶ አሠርሁት። ሰባቱንም። ሥራ ላይ ማልገም አላውቅበትም፤ ጠብታ የሚያሳልፍ አልተውሁም። አያልነህ ከማሳው ሆኖ ሲያየኝ ዋለ። ማታ ላይ መጥቶ እግዜር ይስጥልኝ አለኝ። እቃዬን በጆንያ ከትቼ ጀርባዬን ሰጠሁት።

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ ሃያ አንድ ቀን ከውባንቺ ጋር ሄድን። እሷ ከእናቷ መቃብር ላይ አረም ስትነቅል እኔ ቱምቢዬን ከኪሴ አውጥቼ በግንቡ ላይ እየተዘዋወርሁ ክሩን ጣልሁ። ወደ ጉብታው ያዘነብል የነበረው ግንብ ቀጥ ብሏል። በደቡብ ጫፍ ደግሞ፣ በስድስተኛውና በሰባተኛው ቱቦ መካከል፣ ሆዱን ሁለት ጣት ወደ ውጭ ገፍቷል። በድንጋዮቹ መካከል ባለው ሲሚንቶ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጥታለች። ውባንቺ ከኋላዬ መጥታ ክሩን አየችና ምን ሆነ አለችኝ። ምንም አይሆንም አልኋት። እሷ የግንበኛ ልጅ ናት፤ ክሩንም ፊቴንም አየች። ከዚያ አረሟን ሰብስባ ሄደች።

አለቃ ዘንድ ሄድሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሄድሁት። ግዝቱን ይፍቱልኝና ሁለት ቱቦ ልክፈት ብዬ ለመንኋቸው። እሳቸውም ፍልሰታ ሊገባ ነው፣ በጾም ሕዝብ አላናክስም፣ ጾሙ ይለፍና ሽማግሌ ጠርተን እንነጋገራለን፣ እስከዚያ የእመቤታችንን ግንብ እመቤታችን ትጠብቀዋለች አሉኝ። እግራቸው ላይ ወድቄ፣ አለቃ፣ ይህ ግንብ ማስተዋልን ይዞ ይሄዳል ብዬ ባለቅስ ኖሮ ይፈቱልኝ ነበር። ክፉ ሰው አይደሉም። ካፈርሁ አይመልሰኝ የሚሉት ጠባይ ያለው እሳቸው ላይ ሳይሆን እኔ ላይ ነው። እጅ ነሥቼ ወጣሁ።

ነሐሴ ሦስት ቀን መዶሻና መሮ በጆንያ ይዤ ብቻዬን ሄድሁ። እኩለ ቀን ነበር፤ ሰው ሁሉ ለጾሙ ቅዳሴ ገብቷል። በሰባተኛው ቱቦ ሥር ተንበረከክሁ። የውታፉ ዙሪያ አልራሰም፤ እንዲያ አድርጌ ነዋ የደፈንሁት። ግንቡ ራሱ ግን በየመገጣጠሚያው ያልበው ነበር። መሮውን አስጠጋሁ። አሥር ምት ይበቃ ነበር።

ግዝቱን ፈራሁ፣ ይህ እውነት ነው። ለሰው ሁሉ የነገርሁትም ይህንኑ ነው። ከግዝቱ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር፣ እሱን ለማንም አልተናገርሁም። ይፍረስ አልሁ በልቤ። በዚህ በደቡብ ጫፍ ይፍረስ። እዚህ ጫፍ ላይ መቃብር የለም፤ ቢወድቅ የአያልነህን ሩዝ ያበላሽ እንደሆነ ነው። ያኔ ያ ምድር ይጠጣዋል ያለው ሽማግሌ ሳይቀር ዓለምነህ ነግሮን ነበር ይላል። አለቃ ራሳቸው ያስጠሩኛል። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ። መዶሻውን ወደ ጆንያው መለስሁ። ያን ቀን ወደ ወረታ የተመለስሁት ደስ ብሎኝ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ደስ ብሎኝ ነበር።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ይህን ይስታል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ግንብ እጅ ለእጅ የተያያዘ ነገር ነው፤ አንዱ ጫፍ ሲሄድ ሌላውን ጎትቶ ነው የሚሄደው። ከእኔ ጋር የሠራ ሁሉ ይህን ከአፌ ሰምቷል። አውቄዋለሁ፤ ንዴት ግን ያወቁትን ያስረሳል።

ነሐሴ አሥራ አንድ ሌሊቱን ዘንቦ አድሮ ረፋዱ ላይ አባራ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ እኔና ውባንቺ ቅዳሴ ላይ ነበርን። መሬቱ ከእግራችን ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ድምፁ ብዙ ጆንያ ተራ በተራ ከመኪና ሲጣል ዓይነት ነበር። ሰው ዝናብ መስሎት ወደ ጣራ ያያል። እኔ ጆንያዎቹን ቆጠርሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ወደ ሰሜን መጣ፤ ወደ እሷ።

ስንወጣ ከሰባተኛው እስከ ሁለተኛው ቱቦ ድረስ ግንብ የሚባል የለም። ጉብታው ተንዶ፣ ጭቃው እየተገላበጠ ለምለሙ ሩዝ ውስጥ ገብቷል፤ ሣጥኖችም አብረው። ከሕያዋን ማንም አልተጎዳም። አሥራ አንድ መቃብር ነው የሄደው ይላሉ፤ እኔ ያየሁት አንዱን ነው።

አያልነህ ከሁላችንም ቀድሞ ገብቶ እስከ ጭኑ ጭቃ ውስጥ ነበር። የቆርቆሮውን መስቀል መጀመሪያ ያየው እሱ ነው። ሣጥኑ በጎኑ ተሰንጥቋል። ስለ ሣጥኑ ከዚህ በላይ አልናገርም። እሱ በራስጌ፣ እኔ በግርጌ ይዘን ሩዙን እየረገጥን አወጣናት። አያልነህ «እታለም፣ ሁለት ክንድ ከለከልሁሽ፣ ሁለት ክንድ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። እሱ ጥፋቱን ጮኾ አወጣው። እኔ የእኔን ዋጥሁ። ውባንቺ ነጠላዋን አውልቃ እናቷን ሸፈነች።

አለቃ ከዘራቸውን ይዘው ወረዱ። ፍርስራሹ ላይ ቆመው አለቀሱና መስቀላቸውን ወደኔ ዘርግተው ግዝቱን ፈትቻለሁ አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የሚከፈት ቀዳዳ የት አለና ነው የሚፈታው?

ማስተዋልን በምሥራቅ በኩል፣ ለካህናት ተብሎ በተተወው ቦታ ካለው ዋርካ ሥር መልሰን ቀበርናት። ሰው ግን ጥፋት ሲደርስ ባለቤት ካላገኘለት አያርፍም። በማግስቱ ሲሚንቶው ሳስቶ ነው ተባለ። በሦስተኛው ቀን ሲሚንቶውን ግንበኛው ሸጦት ነው ተባለ። ያለ ዋጋ እሠራለሁ ያለው ለካ ለዚህ ነው ተባለ። ጀምሬያቸው የነበሩ ሁለት ቤቶች ባለቤቶቹ ለሌላ ሰጡብኝ። ባለ ባጃጁ የሚነግራችሁ ወሬ ይህ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጉሮሮ እይዝ ነበር። ያን ጊዜ ግን ስሜ ይጥፋ አልሁ፤ ያደረግሁትን ከሚያውቁብኝ ያላደረግሁትን ቢያሙኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ ድንጋዩን ከሩዙ ውስጥ ለማንሣት ሕዝቡ ወጣ። እኔና ውባንቺም ሄድን። እሷ ከፍርስራሹ መካከል አንድ ቱቦ አገኘች። ሦስተኛው ነው፤ የእሱን አፍ ብቻ በሰያፍ ቆርጬው ስለነበር አወቅሁት። ግንቡ ተበታትኗል፤ ውታፉ ግን እንደ ወተፍሁት ነው፤ ሲሚንቶው ቅንጣት አልተላጠም። በሁለት እጇ ይዛ አገላበጠችው።

«ጥሩ አድርገህ ደፍነኸዋል» አለችኝ።

አንድ ድንጋይ አንሥቼ ጋሪው ላይ ጣልሁ።

«በሐምሌ ምንም አይሆንም ስትለኝ፣ እንደሚፈርስ ታውቅ ነበር?»

«ግዝት ነበር ልጄ። እጄ ታስሮ ነበር።»

«ስለ ግዝቱ አልጠየቅሁህም» አለች።

ቱቦውን በነጠላዋ ጠቅልላ ወረታ ይዛው ገባች። ከስፌት መኪናዋ አጠገብ መስኮቱ ላይ አስቀምጣዋለች። ምሳ ልበላ በገባሁ ቁጥር አየዋለሁ። አንሺው ለማለት አፍ የለኝም።

በበጋው የአገሩ ተወላጅ የሆነ አንድ መሐንዲስ ከባሕር ዳር መጣ። ፍርስራሹን ዞሮ አየ፤ ድንጋይ አንሥቶ ሲሚንቶውን በመዶሻ ሞከረው፤ የተደፈኑትን ቱቦዎች አገላበጣቸው። ሲሚንቶው ደህና ነው፣ መሠረቱም ደህና ነው፣ የገደለው የተዘጋው ውሃ ነው አለ። ለዚህ የፈጀበት ቡና ፈልቶ እስኪወርድ ያህል ነው። እኔ በደጀ ሰላሙ ግማሽ ቀን የጮኽሁትን ከመሐንዲስ አፍ ሲወጣ ሁሉም አመነው። አዲሱን ግንብ ሌላ ግንበኛ ሠራው፤ እኔ እንድሠራ ሲጠይቁኝ አልፈለግሁም። አሥር ቀዳዳ አለው። ቦዩን አያልነህ ማንም ሳያዘው ራሱ ቆፈረው፤ ሁለት ክንድ አላለም፣ ሦስት ክንድ ቆርሶ ሰጠ። የመቃብር ሩዝ የሚለው ስም ግን አልለቀቀውም፤ እንዲያውም አሁን እውነት ሆነ። ሩዙን እስከ አንበሳሜ ወስዶ ነው የሚሸጠው፤ እዚያም ደርሶበታል ይባላል።

በግንቦት ልደታ ግንቡ ሲመረቅ አለቃ በሕዝብ ፊት አስነሡኝ።

«ዓለምነህ ነግሮን ነበር፤ አልሰማነውም» አሉ። «እሱ ልክ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ልጄ፣ ይቅር በለኝ።»

ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሽማግሌ በጉልበታቸው ሊወርዱ ሲሉ ሮጬ ክንዳቸውን ያዝኋቸው። ሴቶቹ እልል አሉ። ምድር ይጠጣዋል ያለው ሽማግሌ አንገቱን ደፋ። ሲሚንቶ ሸጠ ያሉኝ ሰዎች እየመጡ ጉልበቴን ሳሙ። በሰባተኛው ቱቦ ሥር ተንበርክኬ የተመኘሁት ሁሉ አንድም ሳይጎድል ሆነልኝ። አለቃ የነፍስ አባቴ ናቸው፤ እዚያው በጆሯቸው እውነቱን ልናገር አሰብሁ። አልተናገርሁም። እስካሁንም ንስሐ አልገባሁም።

ውባንቺ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ነበር፤ እልል አላለችም። ሰው እስኪበተን ጠብቃ ወደኔ መጣች። የነጠላዬን ጫፍ አስተካከለችልኝ፣ እናቷ ታደርገው እንደነበረው። ከዚያ ማንም እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

«አሁን ደስ አለህ አባየ?» አለችኝ።

ከዚያ ወደ ዋርካው ሥር፣ ወደ እናቷ ሄደች። እኔ ከአዲሱ ግንብ ሥር ቀረሁ።